የአፍንጫ ገፊው

«ተጫንከው?» አለች መቅደላዊት፣ በገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ።

«ተጭኜዋለሁ እኮ! አውራ ጣቴ ሊገነጠል ነው» አለ ድረስ፣ የጀልባውን ቁልፍ በእጁ ይዞ።

ጀልባው አጉረመረመ። ከሆዱ «እምምም» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ አፍንጫው ግን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ንቅንቅ አላለም። በትምህርት ቤቱ የአትክልት ማጠጫ ገንዳ መሃል ተገትሮ ያኮረፈ ሽማግሌ መሰለ።

ጀልባው ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠ ነው። ምሰሶው የመጥረጊያ እንጨት፣ ሸራው የመቅደላዊት እናት አሮጌ ነጠላ ነው። እስካሁን የተናገርነው ማንም ሊሠራው ይችላል። ጉዱ ያለው ከፊት በኩል ነው። እዚያ ጀልባውን ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጥ አጭር የቧንቧ ቱቦ አለ፤ ቱቦው ውስጥ ደግሞ ከተበላሸ ኮምፒውተር የተነቀለች ትንሽ ማራገቢያ። ማራገቢያዋ ስትሽከረከር ውሃውን ወደ አንድ ጎን ትገፋለች፣ የጀልባውም አፍንጫ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ነፋስ በሌለበት ጠባብ ቦታ ሸራ ምንም አይፈይድም፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚያስፈልገው ያኔ ነው። የፊዚክስ መምህራቸው መምህር ሙሉሰው ነገሩን ኢንተርኔት ላይ አይተው «የአፍንጫ ገፊ» ብለው ስም አወጡለት። በማግስቱ ዘጠነኛ ክፍል በሙሉ መቅደላዊትን «አፍንጮ» ይላት ጀመር።

ደብረ ማርቆስ ላይ ጀልባ ምን ይሠራል የሚል ሰው አይጠፋም። በየዓመቱ ባሕር ዳር ላይ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ይታያል፤ ከየትምህርት ቤቱ የሚመጣውም ወይ ባዮጋዝ ነው ወይ የግድብ ሞዴል። «ግድብ በዝቷል» አሉ መምህር ሙሉሰው። «ከግድቡ ኋላ ውሃ አለ አይደል? እኛ ውሃው ላይ የሚሄደውን እንሠራለን።» መቅደላዊት ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የላትም። ማዶው የማይታይ ውሃ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጣናን ለማየት ነው ጀሪካን ስትቆርጥ ጣቷን ሁሉ የቆረጠችው።

«እንክፈተው» አለች አሁን።

«አብደሻል? ባለፈው ስንከፍተው ብሎኑን ፍለጋ ሣር ውስጥ ስንርመጠመጥ ዋልን። እንግዶቹ ነገ ጠዋት እኮ ነው የሚመጡት!»

«ማን ኑ አላቸው?»

ድረስ ጉሮሮውን ጠረገ። ዲያቆን ስለሆነ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሊቀድስ ይመስላል። «ቲቸር ለፋሲካ ጉንደ ወይን ዘመዶቻቸው ጋ ሆነው ደውለው ነበር። ‹ጀልባው እንዴት ነው?› ሲሉኝ... ደህና ነው ለማለት ያህል...»

«ምን አልካቸው?»

«እንደ ሰዓት ይሠራል አልኳቸው።»

«ድረስ!»

«በዓል ነዋ! በበዓል ሰው አይከፋም ብዬ ነው።»

መምህሩ ለርዕሰ መምህሩ ነግረዋል፣ ርዕሰ መምህሩ ለትምህርት መምሪያው። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን የሚመርጡት ወይዘሮ የብርጓል ነገ ጠዋት ይመጣሉ። በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ትልቅ ጨርቅ እንኳ ተሰቅሏል።

ድረስ ከኪሱ አንድ ጥቅል አወጣ። እህቱ ዶቃ የምትሰካበት ክር ነው፤ ቀጭን፣ ብርሃን ላይ ካልተያዘ የማይታይ። «አንዱን ጫፍ አፍንጫው ላይ እናስራለን። አንቺ ከጽድ ዛፎቹ አጥር ሥር ቁጭ ትያለሽ። እኔ ቁልፉን ስጫን ሳብ ታደርጊዋለሽ። አለቀ!»

«ይሄ ማጭበርበር ነው።»

«ማጭበርበር አይደለም፣ ማገዝ ነው። ባሕር ዳር እስክንሄድ እናስተካክለዋለን። ወይስ ጣናን በቴሌቪዥን ልታዪው ነው?»

መቅደላዊት ጀልባውን አየች፣ ክሩን አየች። እንቢ ማለት ነበረባት፤ ቃሉም አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ጣና አፏን ያዘው። ክሩን ተቀብላ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

ሲለማመዱ አንድ ችግር ተገኘ። ጽዱ ያለው ከገንዳው በስተግራ ስለሆነ ጀልባው የሚዞረው ወደ ግራ ብቻ ነው። ድረስ ጥቂት አሰበና «ወደ ቀኝ የሚጠይቅ የለም» ብሎ ወሰነ።

በማግስቱ ገንዳው ዙሪያ ተማሪ ግጥም አለ። የጮቄ ተራራ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ መምህር ሙሉሰው ግን በሙሉ ልብስና በከረባት ላብ በላብ ሆነዋል። ወይዘሮ የብርጓል አጠር ያሉ፣ ጋቢ የደረቡ ሴት ናቸው። ትንሽ ፈገግ ይሉና ዓይናቸውን ካዩት ነገር ላይ ቶሎ አያነሱም።

«ያቺ ልጅ እዚያ ብቻዋን ምን ትሠራለች?» አሉ ገና ሲደርሱ።

«የደህንነት ኃላፊያችን ናት» አለ ድረስ ሳያመነታ። «ጀልባው ልውጣ ካለ ትይዘዋለች።» ከዚያ በቅዳሴ ድምፁ ስለ ባሕር፣ ስለ ወደብና ስለ ነፋስ አስረዳ። አንዱንም አይቶ አያውቅም። በመጨረሻም «እነሆ፣ ወደ ግራ!» ብሎ ቁልፉን ተጫነ። መቅደላዊት ሳበች። ጀልባው እያጉረመረመ አፍንጫውን ቀስ አድርጎ አዞረ።

ጭብጨባው ቀለጠ።

«ወደ ቀኝስ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

ድረስ ቁልፉን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ወደ ቀኝ... ለዛሬ ያን ያህል የሚያስፈልገን አይመስለኝም።»

«ቆይ እኔ ልሞክረው» አሉ መምህር ሙሉሰው፤ ደስታው አላስችል ብሏቸው ቁልፉን ከእጁ ወሰዱ። ጀርባቸውን ለጽዱ ሰጥተው ስለቆሙ መቅደላዊት እጃቸውን ማየት አልቻለችም። ተጫኑ፤ ጀልባው አልዞረም። «ምነው?» ብለው ቁልፉን ለወይዘሮ የብርጓል ሲያቀብሉ መቅደላዊት አሁን ተጫኑ ብላ ሳበች። ጀልባው ማንም ሳይነካው ዞረ።

አንዳንዱ ተማሪ ወደ ገንዳው ጎንበስ አለ።

«ሳይነካም ይዞራል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

መምህር ሙሉሰው ከእሳቸው ይልቅ ተገርመዋል። «ራሱ... ራሱ ገምቶ ይመስለኛል...»

«ልምድ አዳብሯል» አለ ድረስ።

ወይዘሮ የብርጓል ጀልባውን ትክ ብለው አዩት፣ ቀጥሎ ድረስን፣ ቀጥሎ ሰማዩን። «እንዲህ ያለውማ ባሕር ዳር መሄድ አለበት» አሉ። ተማሪው ጮኸ፤ አንዱ ቆቡን ወረወረና ገንዳው ውስጥ ጣለው። መቅደላዊት ቦርሳዋን በሐሳቧ ማሸግ ጀመረች፤ ሹራቧን፣ ጫማዋን...

መምህር ሙሉሰው ገንዳውን ዞረው ወደ እሷ መጡ። ዓይናቸው እርጥብ ነው። አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መቅዲ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ይሠራል ብዬ አላመንኩም ነበር። ጀሪካን እኮ ነው! ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼም ያ ነገር በትክክል አልገባኝም። አንቺ እንዴት አድርገሽ አዞርሽው? ሰኞ ለአሥረኛ ክፍል ላስተምረው ነው፤ አስረጂኝ።»

መቅደላዊት እጇን ጨበጠች። ክሩ የታሰረበት ጣቷ ቀልቶ አብጧል። እስከዚያች ደቂቃ የምታታልለው አንዲት የማታውቃትን እንግዳ ነበር። አሁን ግን መምህሯ ሰኞ ሰሌዳ ፊት ቆመው የዶቃ ክር ሊያስተምሩ ነው። አፈረች። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ክሩን ፈትታ ሣር ውስጥ ብትጥለው ማንም አያይም ነበር። ድረስም ከማዶ ሆኖ በዓይኑ ጣይው፣ ጣይው ይላታል።

አልጣለችውም። ጣቷ ላይ እንደተጠመጠመ ብድግ አለች።

ጀልባው ተከተላት። ውሃውን እየሰነጠቀ መጣና ከገንዳው ግድግዳ ጋር ተላተመ፤ ደግማ ስትስበው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ግድግዳውን መውጣት ጀመረ። በመጨረሻ ከነሸራው ውሃ እያንጠባጠበ እጇ ላይ ተንጠለጠለ።

«ዓሣ!» ብሎ ጮኸ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ።

የሳቁ ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ። ድረስ አማተበ። መምህር ሙሉሰው ግን አልሳቁም፤ እዚያው ሣሩ ላይ ከነሙሉ ልብሳቸው ቁጭ አሉ። ከሳቁ ይልቅ መቅደላዊትን ያስከፋት እሱ ነው።

«ሞተሩ ተጣብቋል» አለች መቅደላዊት። «ቲቸር፣ ምን እንደነካው አላውቅም። ሳልከፍተው ነው ክር ያሰርኩበት።»

«ያሰርንበት» አለ ድረስ ከማዶ፣ እንደ ሹክሹክታ። ከዚያ ጮክ አድርጎ፣ «‹ይሠራል› ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ የብርጓል ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ልምድ ያዳበረው ለካ ክሩ ነው» አሉ። አልተቆጡም፣ አልሳቁምም። «አዳራሹ ውስጥ የግድብ ሞዴሎች ይጠብቁኛል። እነሱን አይቼ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ስሄድ በዚህ በኩል አልፋለሁ። የምወስደው የሚሠራ ነገር ብቻ ነው።»

እሳቸው ሲሄዱ ተማሪውም ተበተነ። መምህር ሙሉሰው ከሣሩ ተነሡ፤ ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና «ካቻቢቴ አምጡ» አሉ።

ድረስ ሮጠ። ካቻቢቴው ትልቅ ሆነና በቢላዋ ጫፍ ፈቱት። ቱቦው ሲከፈት ከውስጥ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር ብቅ አለ። ማራገቢያዋን የሚያሽከረክሩት ሁለት ጥርሳም ጎማዎች በእሱ ተይዘው አንድ ሆነዋል።

«ማነው ማስቲሽ ያደረገበት?» አሉ መምህሩ።

መቅደላዊት አሸተተችው። «ቲቸር... የኑግ ዘይት ነው።»

«የምን?»

«እርስዎ ‹ቅባት ቀቡት› ብለው ነበር። እኔ ቅቤ ላምጣ ስል ድረስ በዐቢይ ጾም አይሆንም አለ።»

«ጀልባው ይጾማል እንዴ?»

«እኔም እንደሱ ነው ያልኩት!»

«እጃችን ግን ይጾማል» አለ ድረስ ኮስተር ብሎ። «ደግሞ ጣቷን ብትልስስ?»

ስለዚህ መቅደላዊት ከእናቷ ጓዳ የጾም ዘይት አምጥታ፣ ይበርታ ብላ፣ እስኪያንጠባጥብ አፈሰሰችበት። ጀልባው ጾሙን በሙሉ የቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከረመ፤ ዘይቱም ደረቀና ሙጫ ሆነ። መምህር ሙሉሰው ሊቆጡ ብለው ጀመሩ፣ ግን ሳቅ ቀደማቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ቅባት ያልኩት እኔ፣ የምን ቅባት እንደሆነ ያልነገርኩ እኔ» እያሉ።

ነጭ ጋዝ ከዘበኛው ተገኘ። መፈተጊያ ሲጠፋ ድረስ ከደረት ኪሱ አዲስ መፋቂያውን አወጣ፣ አንዴ በሐዘን አየውና ሰጠ። ጥርስ በጥርስ ሙጫውን ፈገፈጉት። የሞተር ቅባት፣ ግራሶ፣ ደግሞ በር ላይ የቆመ የባጃጅ ሹፌር በእንጨት ጫፍ ዝቆ ሰጣቸው። ሲገጥሙት አንድ ብሎን ሣር ውስጥ ጠፋች፤ ሦስቱም በእንብርክክ ፈለጓት። ያገኟት መምህር ሙሉሰው ናቸው፣ በጉልበታቸው።

ከበሩ በኩል የመኪና ሞተር ሲነሳ ተሰማ። ወይዘሮ የብርጓል እየመጡ ነው። መቅደላዊት ባትሪውን አገናኝታ ቁልፉን ነካ አደረገችው፤ ማራገቢያዋ በአየር ላይ ዝርር አለች።

«ሠራ!» ድረስ ክንዷን ጨበጠ። «ንገሪያቸው፣ ሠርቷል በያቸው! መኪናው ሊሄድ ነው!»

«ተሠራ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

«እጄ ላይ ዞሯል» አለች መቅደላዊት። «ውሃ ውስጥ ግን ገና አላየሁትም።»

ድረስ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ጀልባውን ገንዳው ላይ አስቀመጠችውና ቁልፉን ለወይዘሮ የብርጓል ሰጠች። «እርስዎ ይጫኑት። ወደ ፈለጉት።» ከዚያ ከገንዳው ወደ ኋላ ራቅ ብላ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች፤ ጣቶቿን ዘርግታ። ድረስ አያትና የእሱንም አነሳ። መምህር ሙሉሰው ግራና ቀኝ አዩ፣ ቀስ ብለው እሳቸውም አነሱ። ሲሰርቁ የተያዙ መስለው ሦስቱም ተደርድረው ቆሙ።

ወይዘሮ የብርጓል ወደ ቀኝ ተጫኑ።

ጀልባው አጉረመረመ። ከአፍንጫው ሥር ትንሽ ውሃ ፈላ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫውን ወደ ቀኝ አዞረ። ሙሉ ለመዞር ሩብ ያህል ሲቀረው ደከመውና ቆመ።

ወይዘሮ የብርጓል ቁልፉን እንደያዙ ጭንቅላታቸውን ዘመም አደረጉ። «ቅድም ይበልጥ ያምር ነበር» አሉ።

«አዎ» አለች መቅደላዊት፣ እጇን ሳታወርድ። «ቅድም ያዞርኩት እኔ ነበርኩ።»