«እኔ ጋ ይሠራል»

ፕሮግራሙ አልከፈት አለኝ። ስክሪኔ ከላይ እስከ ታች በቀይ የስህተት መልእክት ተሞላ።

ገና የሙከራ ቅጥር ላይ ነበርኩ። ፕሮግራሙ የሕፃናት ሐኪሞች የመድኃኒት መጠን የሚያሰሉበት ነው፤ ሐኪሞቹም ከሰዓት በኋላ ሊያዩት ይመጣሉ። አለቃችን ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣ ትናንት የነካሽው አንቺ ነሽ፣ ካልተስተካከለ አብረን አንቀጥልም አለችኝ።

ሥራውን የጀመረው መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ወጣት ነው። አንገቱን ከመነቅነቅ በቀር መልስ ስለማይሰጥ «አባ ዝምታ» ይሉታል። ሄጄ ጠየቅኩት።

«እኔ ጋ ይሠራል» አለ።

እውነትም እሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። እንባዬን ዋጥ ሳደርግ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወንበሩን እየጎተተ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ።

ፕሮግራማችን ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ፣ ላይብረሪ የምንለውን፣ እየጠራ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ የት እንደሚገኝ የሚነግረው አድራሻ አለ። አድራሻዎቹን ተራ በተራ ከፈተ። አንዱ ላይ ጣቱ ቆመ፤ ጆሮው ቀላ።

አድራሻው የሚመራው እሱ ኮምፒውተር ውስጥ ወዳለ የግል ፎልደሩ ነበር። የእኔ ማሽን እዚያ የሚፈልገውን ሲያጣ፣ ከሌላ ቦታ ያረጀ ቅጂ አንስቶ ነው የተደናገረው። እኔ የጻፍኩት ምንም አልነበረበትም።

ላይብረሪውን ሁላችንም ወደምንጋራው የፕሮጀክቱ ፎልደር አዛወረ፤ አድራሻውን አረመ፤ አሮጌውን ቅጂ አጠፋ። ቀዩ ሁሉ፣ ጤዛ ከመስታወት ላይ እንደሚጠረግ፣ ከዓይኔ ሥር ጠፋ። አንዲት መስመር ይህን ሁሉ ታቆማለች፤ አንዲት መስመር ደግሞ ትፈታዋለች።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ወደ አለቃችን ዞረ።

«ስህተቱ የእኔ ነው። የእሷ ሥራ ትክክል ነው» አለ፣ ሁሉም እየሰማ።

«ኧረ ጉድ፣ አባ ዝምታ አፍ አወጣ! ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም፣ ጃንጥላ ያላችሁ አውጡ» አለ ቀልደኛው ዲዛይነር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሐኪም የጨቅላ ክብደት አስገባች። ትክክለኛው መጠን ወዲያው ብቅ አለ። ሁሉም ስክሪኑን ሲያይ እኔ እሱን አየሁ።

ማምሻውን ደረጃው ላይ አገኘሁትና ለምን እንደተናገረ ጠየቅኩት። የደረጃውን መደገፊያ ያዘ።

«ዝም ብል ትሄጂያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለኝ።

ተጋብተን ብዙ ዓመት ኖርን። ስለ ፍቅር ከዚህ የረዘመ ነገር ተናግሮኝ አያውቅም። አላስፈለገኝም።