ከሰቆጣ ባሕር ዳር በአራት ደቂቃ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ እንዲያውም አንድ ሰው «ጉድ ልንገርህ» ብሎ ሲጀምርልኝ ስልኬን አውጥቼ መጎርጎር ነው የምወደው፣ ሙያዬ ኮምፒውተር ነው፣ ማሽን ደግሞ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፣ መሐል ላይ ሌላ ነገር የለም። ይህን ያዝልኝና ስማኝ።

ሰቆጣ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችኝ። መሥሪያ ቤቶች አርጅቷል ብለው የጣሉትን እየሰበሰብኩ ሊኑክስ እጭንበታለሁ፣ ሊኑክስ ማለት በነፃ የሚገኝ፣ አሮጌ ማሽን የማይንቅ ሲስተም ነው። ባሕር ዳር ያለው የኮሌጅ ጓደኛዬ አበባውም እንደኔው የሊኑክስ በሽተኛ ነው፣ እና ስንት ዓመት የቆየ ፉክክር አለን፣ በኢንተርኔት ፋይል በማን ማሽን ፈጥኖ ተላከ የሚል። ክብረ ወሰኑ ሁልጊዜ የእሱ ነበር። «እናንተ ዋጎች ፋይሉን በበቅሎ ነው የምትጭኑት» ይለኛል፣ እመነኝ ያናድዳል።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ጽጌ የሚባሉ ሽማግሌ ከፃግብጂ ወረዳ መጡ። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ሃርድ ዲስክ አወጡ።

«ልጄ፣ ገድላችን እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ።

የደብራቸውን የብራና ገድል ከዓመታት በፊት አንድ መምህር ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንሥቶላቸው ነበር። ባለፈው ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣራ አፈሰሰና ብራናው ተበላሸ፣ የቀረው ያ ዲስክ ብቻ ነው። ስሰካው ጢቅ፣ ጢቅ አለ። ይህን ድምፅ ሙያተኛ ያውቀዋል፣ ዲስኩ ሊሞት ነው። ፎቶዎቹን የምገለብጥበት ባዶ ቦታ ያለው ዲስክ ሱቄ ውስጥ አልነበረም፣ ስለዚህ አበባው ጋ ደወልኩ።

«ላክ፣ ቦታ አለኝ» አለ፣ «በእናንተ መስመር ግን ለፋሲካ ቢደርስ ነው።»

መላክ ጀመርኩ። በሰከንድ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፣ ጢቅታው ደግሞ እየባሰ ሄደ። በዚህ አያያዝ ሩቡ ሳይሄድ ዲስኩ ያልቅልናል። ለመሪጌታ ወንበር ሳብኩላቸው።

«ገድል እየተነበበ እንዴት ይቀመጣል?» አሉኝ።

«መሪጌታ፣ ማሽኑ እኮ ይልካል እንጂ አያነብም።»

«ቅጠል በቅጠል ካላለፈበት በምን ይልካል? አንተም ተነሥ።»

ከሽማግሌ ጋር ምን ክርክር አለ፣ ተነሣሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው የፍጥነት ቁጥር አምስት ሆነ። አጋጣሚ ነው ብዬ ቁጭ ስል ተመልሶ ወረደ፣ ስነሣ አሥር፣ ስቀመጥ አንድ። ሦስተኛ አልሞከርኩም፣ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ፣ እኔ ራሴ የዘረጋሁት ገመድ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሆነ፣ ጢቅታው ጠፋና በምትኩ ደረቅ ብራና ሲገለበጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፣ ሿ ይልና ጸጥ፣ ሿ ይልና ጸጥ። ከማሽኑ ነው እንዳልል ከኋላዬ ነው የሚሰማኝ። አልዞርኩም፣ አልዋሽህም፣ ፈራሁ።

ስልኩ ሳይዘጋ ላውድ ላይ ነበርና አበባው «ምን ሰክተህ ነው ሰውዬ?» አለኝ፣ ድምፁ እንደ ወትሮው አይደለም። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ገባ። ዲስኩ እዚያው ሞተ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተነሣም።

«ክብረ ወሰኑ ያንተ ነው» አለኝ አበባው፣ «የትም እመሰክርልሃለሁ።»

ከቆሻሻ መሐል በለቀምኩት ማሽን፣ ከሰቆጣ! የዚያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ምን ብዬ ልንገርህ፣ እንባዬ መጣ።

በደንብ መድረሱን እንድናይ አበባው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፎቶ መልሶ ላከልን። በመጀመሪያው ላይ ገጹን ጫፉ ላይ የያዘ አውራ ጣት ይታያል። የመሪጌታ ነው፣ ፎቶው ሲነሣ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም ነበር። የመጨረሻውን ስከፍትላቸው ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ይህች ቅጠል ተገንጥላ የጠፋችው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው» አሉ። «ፎቶ ሲነሣ አልነበረችም።»

ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል። ገጹን የያዘው ጣት ግን የእርሳቸው አይደለም፣ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ የጎበጠ የሽማግሌ ጣት ነው። አጎንብሰው ጣቱን በቅርብ አዩት።

«የኔታ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «ያስተማሩኝ። በዚህ እጄ ነው የቀበርኳቸው።»

ከዚያ ስክሪኑን ተሳለሙት።

ገድሉ ዛሬ በወረቀት ታትሞ ፃግብጂ ይነበባል፣ የመጨረሻዋም ቅጠል አብራ አለች። ክብረ ወሰኑም እስከ ዛሬ የኔ ነው፣ አበባው ይሙት አልተሰበረም፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሳልናገር አልውልም። አበባው «እንድገመው» እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ እኔ ደግሞ መብራት የለም፣ መስመር ጠፍቷል እያልኩ እሸሻለሁ። ምክንያቱን ለእሱ አልነገርኩትም። ያን ቀን እዚያች ክፍል ውስጥ ስንት ሆነን እንደቆምን እርግጠኛ አይደለሁም።