ማንንም ያልመረጠ ካርድ

ፍቅረማርያም የሞተው ካርዱን በእጁ እንደያዘ ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከታክሲ መዞሪያው ፊት ለፊት፣ ሞቲ የሚባል ወጣት ፎቅ ላይ በከፈታት፣ ሰው የየራሱን የተዋጊ ካርዶች ይዞ በሚጋጠምባት የካርድ መጫወቻ ክፍል ውስጥ ጉሮሮውን ይዞ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስም አለፈ። ታች ያሉት የታክሲ ረዳቶች «አየር ጤና! አየር ጤና!» ማለታቸውን አላቋረጡም። ምን ያድርጉ፣ ሰው ሞተ ብሎ የሚቆም ታክሲ የለም።

ሟቹ ለውዝ አይስማማውም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ትንሽ ከቀመሰ ጉሮሮው ያብጣል። ስለዚህ ከእህቱ ከየሺእመቤት በቀር የማንንም ምግብ አይበላም፣ የማንንም ውሃ አይጠጣም። ያን ቀንም የበላው እሷ የቋጠረችለትን ምሳ ብቻ ነው። ፖሊስ ምን ያስብ? ወስዶ አሰራት።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ዘነበወርቅ ተሰጠ። ልታናግራት ስትገባ የሺእመቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። አላለቀሰችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ዘይቱ ይሁን፣ በርበሬው ይሁን እንጃ። የሆነ ነገር አምልጦኛል።»

«ቤትሽ ለውዝ ይገባል?»

«ልጄ ጣዕሙን አታውቀውም። እኔም ረስቼዋለሁ።»

«ታዲያ በምን ገደልሽው?»

«ከኔ ሌላ ማን አበላው?»

ዘነበወርቅን ያሳሰባት እስሩ አይደለም፤ ከእስር ብትወጣም ይህቺ ሴት ወንድሜን ገደልኩ እንዳለች ልታረጅ ነው።

የምርመራው ውጤት መጣ። ምሳ ዕቃው ንጹሕ ነው። በሟቹ ቀኝ አውራ ጣት ላይ ግን የለውዝ ዘይት ተገኘ።

ኢንስፔክተሯ ወደ መጫወቻው ክፍል ወጣች። ያን ቀን ከሟቹ ጋር የተጫወቱት ሦስቱም አሉ፤ ባለቤቱ ሞቲ፣ ተማሪዋ ሃና፣ እንዲሁም የጨዋታውን ሕግ በቃሉ የሚወጣው ባምላኩ። አሸናፊው ናይሮቢ ለውድድር ይሄዳል፤ ለፍጻሜ የቀረቡት ባምላኩና ሟቹ ነበሩ።

«ምሳውን የነካ ሰው አለ?»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ሞቲ። «ውሃውን እንኳ ከቤቱ ነው የሚያመጣው። ሁላችንም ችግሩን እናውቃለን፤ ‹ባለከለላው› ነበር የምንለው።»

«ከለላ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሃና ከካርዶቿ አንዱን አወጣች። ጋሻ የያዘ ተዋጊ ተስሎበታል። «እንዲህ ዓይነቱ ከለላ አለው። ተጋጣሚ ምንም ሊያደርገው አይችልም።»

«ተሳስታለች» አለ ባምላኩ። ሳይጠየቅ ነው። «እንዲህ እያልሽ እኮ ነው የምትሸነፊው። ከለላ የሚሠራው ተጋጣሚ ‹እሱን ምታ› ብሎ ሲመርጠው ነው። ማንንም ሳይመርጥ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ የሚመታ ካርድ ሲመጣ ከለላ አያድንም። የሚተርፈው ምቱን የሚችል ብቻ ነው።»

«ጎበዝ» አለችው ዘነበወርቅ። «እስቲ አንድ ዙር ተጫወቱልኝ።»

ሃና ካርዶቿን በውዛ ለሞቲ አቀበለችው። ሞቲ ከመሃል ቆርጦ ደራረበና መለሰላት።

«አንተ ለምን ነካህባት?»

«ሕግ ነው እትዬ፤ እንዳይጭበረበር ተጋጣሚ ይቆርጣል። እዚህ ሁሉም የሁሉንም ካርድ ይነካል።»

«ፍቅረማርያምም?»

«እሱማ ቆርጦ ሲያበቃ አውራ ጣቱን እየላሰ ነው ካርዱን የሚስበው» አለች ሃና። «ስንቴ ተው ብለነው ነበር!»

የባምላኩ ተራ ደረሰ። ካርዶቹን ሲያወጣ ሃና ደነገጠች። «ውይ! ልብሳቸውስ?»

የእሷም የሞቲም ካርዶች አንድ በአንድ የላስቲክ ልብስ ለብሰዋል፤ ጠርዙ በአገልግሎት ብዛት ደብዝዟል። የባምላኩ ግን ራቁታቸውን ናቸው።

«አርጅቶ ነው፣ ጣልኩት» አለ ባምላኩ።

ዘነበወርቅ የሦስቱንም ካርዶች ከነማስቀመጫቸው ይዛ ሄደች።

ውጤቱ ሲደርሳት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች፤ የሺእመቤትንም ከእስር አስመጥታ አስቀመጠቻት።

«ሟቹን ለይቶ መመረዝ አይቻልም ነበር» አለች። «ከማንም አይቀበልማ። ገዳዩ ግን ማንንም መምረጥ አላስፈለገውም፤ የራሱን ካርዶች ልብስ ዘይት ቀባ። ሞቲ፣ ያን ቀን ቆርጠህለታል?»

«ቆርጫለሁ።»

«ሃናስ?»

«እኔም።»

«ዘይቱ ሁላችሁንም ነካችሁ። ለውዝ የማይስማማው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጣቱን ይልሳል። ከዚያ ዘይት የነካውን ልብስ መጣል ግድ ሆነ። የእናንተ ካርዶች አሮጌ ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። የባምላኩ ግን ልብስ የላቸውም፤ ማስቀመጫው ጥግ ላይም የለውዝ ዘይት ተገኝቷል። ሕጉንም ራሱ አስተማረን።»

ባምላኩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ከንፈሩ አብጦ ከጨዋታው እንዲነሳልኝ ብቻ ነው። ይሞታል አላልኩም።»

«ካርዶቹንስ ለምን አብረህ አልጣልካቸውም?»

«እንዴት ብዬ እጥላቸዋለሁ? ስንት ዓመት የሰበሰብኳቸው ናቸው።»

ለካርድ የሚራራ ልብ አለው እንግዲህ። ሞቲ ሊመታው ተነስቶ ፖሊሶቹ ያዙት። ዘነበወርቅ ወደ የሺእመቤት ዞረች።

«ሰማሽ?» አለቻት ዘነበወርቅ። «ምሳሽ ንጹሕ ነበር።»

«ሰማሁ።»

አብረው ወደ ማዞሪያው ወረዱ። ጥግ ላይ ቆሎና ለውዝ የምትሸጥ ሴት ተቀምጣለች። የሺእመቤት ቆመች፤ እፍኝ ለውዝ ገዛችና አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ ጨመረች። ቀስ ብላ አኘከችው።

«ጣዕሙ ትዝ አለሽ?»

«ምንም አይልም» አለች። የቀረውን ለሻጯ መለሰችላትና ሁለት እጆቿን ከቀሚሷ አርቃ ይዛ ዙሪያዋን ታይ ጀመር።

«ምን ፈለግሽ?»

«ውሃ። ታጥቤ ቤት ልግባ እንጂ፣ በዚህ እጄ ፍቅሬን ብነካውስ...»

ዘነበወርቅ ውሃ ገዝታ መጣችና አስታጠበቻት።