የጀማ ሰዓት

የመምህር ይታየው አስከሬን ከጀማ ወንዝ መሻገሪያ አጠገብ፣ ደራሽ ውሃ ከተወው ደለል ውስጥ ተገኘ። አገሩ ነፍሰ ገዳዩን ለመፈለግ አልደከመም፤ ዋናተኛው ወዳጆ ነው ብሎ ፈረደ። ሰው እያሻገረ የሚኖር ድሃ ድልድይ ሊያሠራ የተነሣን መምህር ሌላ ምን ያደርገዋል? ኢንስፔክተር ጽናት ከዓለም ከተማ ስትደርስ እጁን አስረው ሊወግሩት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር።

አስከሬኑን ያገኘው የሟቹ ታላቅ ወንድም ባስልዮስ ደረቱን እየደቃ መሰከረ።

«ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወዳጆ መሐል ወንዝ አድርሶ ለደራሹ ለቀቀው! ቀኑን ሙሉ ሬሳውን ስፈልግ ዋልኩ።»

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እንደ አገሩ ሁሉ ተዝካር ላይ ነበርኩ» አለ ወዳጆ። «ጠዋት ግን ብቻዬን ነበርኩ። ማን ያምነኛል?»

«እኔም ገና አላመንኩህም» አለችው ጽናት።

የሟቹ ቁርጭምጭሚት ላይ የጠፍር ሰንበር አየች። ከዚያ ባለቤቱን የትምወርቅን ጠየቀች።

«ሐሳቡ ሁሉ ወንዝ ነበር» አለች የትምወርቅ። «ከባሕር የሚጋጠም፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚሞላና የሚጎድል ትልቅ ወንዝ አለ፤ መርከቡ ሰዓት ጠብቆ ነው የሚያልፈው ይለኝ ነበር። ጀማም ሰዓት አላት ብሎ ሦስት ክረምት ጻፈ።» ደብተሩን ሰጠቻት።

ጽናት አንብባ ከወንዙ ራስጌ መንዝ ውስጥ ወዳለችው ሞላሌ ደወለች። በማግስቱ ሁሉንም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበች።

«መንዝ ላይ የዘነበው እዚህ የሚደርሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ደብተሩ አንድም ቀን አልሳተም። ያን ዕለት ሞላሌ የዘነበው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ያኔ ጀማ ከጉልበት አትበልጥም ነበር። ደራሹ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ወዳጆ አርባ ሰው መሐል ተቀምጦ ሲበላ።»

ወደ ባስልዮስ ዞረች።

«ወዳጆ ብቻውን የነበረው ጠዋት ስለሆነ ጠዋት አሉ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን ሳንባው ውስጥ ደለል አግኝቷል፤ ሲሰምጥ በሕይወት ነበር። የቀንበርዎ ጠፍር ዛሬም አልደረቀም፤ የወንዝ አሸዋ ይዟል። ድልድዩ በብርቱካን እርሻዎ ላይ ይረፍ ስላለ፣ መንዝ ሲጠቁር አይተው ጠዋት ወንዙ ውስጥ አሰሩት፣ ደራሹን ጠበቁ፣ ውሃው ሲጎድል ፈቱት።»

ባስልዮስ አንገቱን ደፋ። የወዳጆ እጅ ተፈታ፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን አልነበረም።

የትምወርቅ ተነሣች፤ ለባሏ ታላቅ የምትሰጠውን አንቱታ ረሳችው።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ስትቀመጥ ምን ይልህ ነበር?»

«መጀመሪያ ለመነኝ» አለ ባስልዮስ። «ኋላ ላይ ስንት ሰዓት ሆነ ብቻ ነበር የሚለኝ።»

«አንተስ?»

«እነግረው ነበር።»