ቁልቁለቱ ላይ የተቀዳ ድምፅ

ድምፁ እንደገና መጣ።

አሪጅ ሄድፎኑን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። መጀመሪያ የሚኒባሱ ሞተር ተሰማ፤ ቀጥሎ የልጆቹ ጫጫታና የትንሽ ወንድሟ የዛኪር ሳቅ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ግን ከሁሉም ሥር አንድ ቀጭን ነገር ተነሣ፤ ቢላዋ ድንጋይ ላይ ሲሳል ያለ ድምፅ። አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ጠፋ። ወዲያው ደግሞ ተመለሰ።

«አሁንም አለ» አለች።

ጓደኛዋ ቲቲ አልጋው ላይ በደረቷ ተኝታ ስልኳን ትነካካለች። «አቦ አንቺ ደግሞ! ሙዚየም የሚገባ ማሽን ይዘሽ ጥርት ያለ ድምፅ ትፈልጊያለሽ። በስልክሽ ቅጂና ገላግይን።»

«ስልኩ እንደፈለገው ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ይሄ ግን የሰማውን ነው የሚይዘው።»

«እንግዲህ የራሱን ሆድ ነዋ የሰማው» አለች ቲቲ። ቀልድ ነበር፤ ስልኩ ላይ የነበረው አውራ ጣቷ ግን ቆሞ ነበር።

ማሽኑ ሚኒዲስክ መቅጃ ነው፤ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጥግ ጥጉ የተላላጠ ብርማ ነገር። የአሪጅ አክስት ሰዓዲያ በወጣትነቷ ለሬዲዮ ስትሠራ የያዘችው ነው። ባለፈው ክረምት ሰበታ ያለውን ቤቷን ስታጸዳ አገኘችውና ከአሥራ አንድ ዲስኮች፣ ከአንድ ማይክና ጆሮን ሙሉ በሙሉ ከሚሸፍን ሄድፎን ጋር ለአሪጅ ሰጠቻት። አሪጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ትሠራለች። አሁን የምታዘጋጀው «የሱሉልታ ጠዋት» የሚል የአሥር ደቂቃ ፕሮግራም ነው። ወተት የሚያመላልሱትን ጋሪዎች ቀድታለች፤ የዳቦ ቤቱን ብረት በር ቀድታለች። የቀራት የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ነው። ሰርቪሱን የሚነዱት የቲቲ አባት ኦቦ ባጫ ናቸው።

አክስቷ ማሽኑን ስትሰጣት ብዙ ነገር አሳይታታለች። የድምፁን መጠን በእጅ ማስተካከል፣ ማይኩን ነፋስ እንዳይመታው ካልሲ ማልበስ፣ ገመዱን እየቀዱ አለመነካካት። «መጥፎ ድምፅ ከሰማሽ ደግሞ መጀመሪያ የራስሽን ዕቃ ጠርጥሪ» ብላታለች። «ዲስኩ ሲዞር ማሽኑ ውስጥ ያለችው ሞተር ታጉረመርማለች። ማይኩ ቅርብ ከሆነ እሷኑ ይቀዳልሻል።»

ስለዚህ አሪጅ ማሽኑን ጠረጠረች። በማግስቱ ማሽኑን በሹራብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ማይኩን በረጅም ገመድ አርቃ ከኋላ ጎማው በላይ ካለው ወንበር ሥር በፕላስተር አጣበቀችው። ማታ ስትሰማው ያ ድምፅ በመቀነስ ፈንታ ጎልቶ ነበር። ረቡዕ ዲስኩንም ባትሪውንም ቀየረች። ምንም ለውጥ የለም። ሐሙስ መኪናው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቀዳች፤ ዲስኩ እየዞረ ነበር፣ ድምፁ ግን የለም። ድምፁ የሚመጣው ቁልቁለቱ ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይም የሚመጣው መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዲስኩን ይዛ ሰበታ ወረደች። ሰዓዲያ ሄድፎኑን አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ወደኋላ መልሳ ደግማ ሰማች። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖረችው።

«ማነው የሚነዳው?»

«የቲቲ አባት።»

«ዛኪርም ከዚሁ መኪና ላይ ነው?»

«አዎ አክስቴ። አሥራ ሦስት ልጆች ነን።»

«ይሄ ማሽኔ አይደለም። የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ነው። ባዶ ጆሮ ጫጫታው ውስጥ ላይሰማው ይችላል፤ አንቺ ማይኩን ጎማው አናት ላይ ስላጣበቅሽው ነው ያገኘሽው። ንገሪያቸው፤ ነገ ዛሬ ሳትይ።»

አሪጅ ከመነኻሪያው ሳትወጣ ለቲቲ ደውላ አክስቷ ያለችውን ነገረቻት። ቲቲ «ውይ፣ እሱንማ ጨርሰናል እኮ!» አለች። «አባዬ ዛሬ ጠዋት ጋራዥ ወስዶት ሸራው ተቀይሯል። አታካብጂ።»

አሪጅ እስከ ቤቷ ድረስ በመስኮት እያየች ፈገግ ስትል ነበር።

ሰኞ ግን ቀዳች። ለፕሮግራሙ ንጹሕ ድምፅ ስለምትፈልግ ነው እንጂ ለመመርመር አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ቆማ ሰማችው። ድምፁ አለ። አራት ሰከንድ የነበረው ሰባት ሆኗል፤ ውፍረትም ጨምሯል።

ከትምህርት ሲወጡ ኦቦ ባጫ በር ላይ መስታወቱን እየወለወሉ ነበር። ቲቲ ገና አልወጣችም። አሪጅ ዛኪርን በአንድ እጇ ይዛ ተጠጋቻቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ሁልጊዜ ፈገግ የሚሉ ሰው ናቸው።

«ኦቦ ባጫ፣ አንድ ነገር ላሰማዎት ነበር» አለችና ሄድፎኑን ዘረጋችላቸው።

ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ጎንበስ አሉላት። ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ጣቷን ማስጀመሪያው ላይ እንዳሳረፈች ዛኪር ቀሚሷን ጎተተ። «ሽንቴ መጣ» አለ። «ቆይ አንዴ» ብላ ወደ እሱ ዞረች።

ፊቷን ስትመልስ ኦቦ ባጫ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር።

«ኧረ ግሩም ነው! እንዴት ይጠራል!» አሉ። «ጃባዱ፣ ኢንተላ ኮ! በርቺ ልጄ!»

አሪጅ ትንሿን መስኮት አየች። ዲስኩ አልዞረም። ማስጀመሪያውን አልተጫነችውም ነበር።

አሁን አስጀመረችው። ድምፁን ከፍ አደረገች፤ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። የብረቱ ፉጨት ከሄድፎኑ አፈትልኮ እሷ ቆማ ካለችበት ይሰማል። ዛኪር እንኳ ጆሮውን ያዘ። የኦቦ ባጫ ፊት ላይ ያው ፈገግታ ነበር፤ ቅንድባቸው አልተንቀሳቀሰም።

ከኋላ አንድ እጅ መጥቶ ሄድፎኑን አወለቀ። ቲቲ ነበረች። ለአባቷ ፊት ለፊት ፈገግ አለችላቸው፤ ከዚያ አሪጅን ክንዷን ይዛ ወደ አጥሩ ጎተተቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አይሰሙም» አለች አሪጅ። «ቲቲ፣ አባትሽ አይሰሙም።»

ቲቲ ዙሪያዋን አየች። «ቀስ በይ በናትሽ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው። ቀኙ ጨርሶ፤ ግራውም እየደከመ ነው።» ቲቲ ስትናገር አጥሩን በጥፍሯ ትፍቃለች። «ጋቢና ላይ ማንንም የማላስቀምጠው ለምን ይመስልሻል? ከኋላ ክላክስ ሲመጣ ጉልበቱን እነካዋለሁ። በቀኝ ከሆነ አንዴ፣ በግራ ከሆነ ሁለቴ። እስካሁን ምን ሆነ? ምንም።»

«ጋራዡስ? ቅዳሜ ወስዶታል አልሽኝ።»

ቲቲ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ፎገርሽኝ።»

«ምን ልበልሽ? ለራሱም አልነገርኩትም። መካኒኩ ‹ይሄ ሁሉ ሲጮህ እንዴት አልሰማህም› ማለቱ አይቀርም። ወሬው ትምህርት ቤት ይገባል። ከዚያ መንጃ ፈቃዱን ይቀሙታል።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል አሪጅ። ቤት ውስጥ ማንም የሚለውን አይሰማም፤ ቴሌቪዥን አያይም። መሪ ሲይዝ ብቻ ነው እንደ ድሮው የሚሆነው። እስከ ዓርብ ስጪኝ። እኔው ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። በናትሽ።»

አሪጅ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቤት ሲሄዱ አልቀዳችም። ቲቲ ጋቢና ተቀምጣ እጇ አባቷ ጉልበት አጠገብ ነበር፤ አሪጅ መንገዱን ሙሉ ያንን እጅ ስታይ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር። ካፊያው አስፋልቱን አጥቁሮታል። አሪጅና ዛኪር ከሁሉም በፊት የሚሳፈሩ ናቸው፤ ቤታቸው ከቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። ሚኒባሱ ከጉሙ ውስጥ መብራቱን አብርቶ መጣና ቆመ። ጋቢናው ባዶ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ብለው አዳሯን ጠየቁ ኦቦ ባጫ።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ ኦቦ ባጫ። ቲቲስ?»

አፏን በደንብ ስላዩት መለሱላት። «ቶንሲሏ ተነሥቶባት በትኩሳት ተኝታለች። ነይ፣ ዛሬ አንቺ ከፊት ሁኚ።»

ዛኪር ከኋላ ገባ። አሪጅ ጋቢና ወጥታ በሩን ዘጋች። ኦቦ ባጫ ማርሽ አስገብተው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ክላክሱ ከኋላ መጣ፤ ረጅም፣ የማያቋርጥ፣ የጭነት መኪና ክላክስ። አሪጅ የጎን መስታወቱን አየች፤ ጉም ብቻ ነው። ድምፁ እየቀረበ ነው። ኦቦ ባጫ መሪውን ወደ ግራ አዙረው መውጣት ጀመሩ።

«ቆይ!» ብላ ጮኸች። መኪናው አልቆመም። ሁለቱንም እጇን ወርውራ የእጃቸውን አንጓ ያዘች።

ሚኒባሱ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቀጥ አለ። የጭነት መኪናው በመስኮታቸው ሥር እየተምዘገዘገ አለፈ፤ የረገጠው ውኃ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ለአፍታ ውስጡ ጨለመ። መጥረጊያው ወዲህና ወዲያ ሲል መንገዱ ተመልሶ ታየ፤ ባዶ።

ኦቦ ባጫ አንጓቸውን የያዘውን እጅ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቲቲ የምትነካኝ ጉልበቴን ነው» አሉ በቀስታ።

አሪጅ እጇን አነሣች። አልተቆጡም፤ ሥራ እያለማመዷት ነበር። ያ ደግሞ ከጭነት መኪናው የበለጠ አስፈራት። ሙሉ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ፍሬኑ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነው። ቀድቼዋለሁ። ትናንት ላሰማዎት የነበረው እሱን ነው።»

ከንፈሯን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ። ፔዳሉን ቀስ ብለው ረገጡ፣ ለቀቁ፣ ደግመው ረገጡ። «እግሬ ላይ ጤነኛ ነው።»

«አይደለም ኦቦ ባጫ።»

«ልጆቹ ብርድ ላይ ናቸው። ዛሬን ብቻ ላድርሳቸውና በቀጥታ ጋራዥ አስገባዋለሁ። አንቺ ደግሞ አጠገቤ አለሽ።»

ከታች አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አራት ልጆች በሁለት ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው ይታያሉ። ከእነሱ በታች ቁልቁለቱ ጉሙ ውስጥ ይገባል። በቀኝ አንዴ፣ በግራ ሁለቴ። ቀላል ነበር። ዛሬ ብታደርገው ቲቲ ተኝታ ትድናለች፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። ምናልባት ዓርብ ሁሉም ነገር ይነገራል። ምናልባትም አይነገርም።

አሪጅ በሩን ከፍታ ወረደች። የኋላውን በር ስባ ዛኪርን አወረደችው።

«ለምን?» አለ።

«በእግራችን እንሄዳለን። እጄን ያዝ።»

«አሪጅ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አልዞረችም። ካፊያው ፊቷን እየመታት ልጆቹ ወዳሉበት ወረደች፤ ሱቁ ጋ ስትደርስ እንዳይሳፈሩ ልትነግራቸው ነው። ምን ብላ እንደምትነግራቸው አላወቀችም። ከኋላዋ ሞተሩ ይሠራል። ይቀርብ ይሆን ብላ አዳመጠች። አልቀረበም፤ አልራቀምም። ቲቲ ዛሬ ማታ ምን እንደምትላት አሰበች። እርምጃዋን ግን አልቀነሰችም።

ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

ዝናቡ ብቻ ቀረ። በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ የከባድ ጫማ ኮቴ ቁልቁል መጣ። ኦቦ ባጫ ያለ ጃኬት፣ የመኪናውን ቁልፍ ጨብጠው አጠገቧ ደረሱ። ሦስቱም ጎን ለጎን ተራመዱ። ሱቁ ሊደርሱ ሲሉ ኦቦ ባጫ ቆሙና ኪሳቸውን ዳበሱ።

«ለርዕሰ መምህሯ መነገር አለበት» አሉ። «ሌላ መኪና ይላኩ።»

«እሺ» አለች አሪጅ። ሲደውሉ ለመጠበቅ ቆመች።

ኦቦ ባጫ ስልኩን አውጥተው ትንሽ አዩት። ከዚያ ለእሷ ዘረጉላት።

«አንቺ ደውይ» አሉ። «እኔ በስልክ አልሰማም።»

ስልኩን ተቀብላ የረጠበውን መስታወት በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና የርዕሰ መምህሯን ስም ፈለገች። ስልኩ መጥራት ሲጀምር፣ የምትናገረውን ሁሉ ከከንፈሯ እንዲያዩት፣ ዞራ ከፊታቸው ቆመች።