እናንተስ የት ትበላላችሁ?

«ለእንግዳ የሚባለው ቦታ አትላኪን» አለ ሰውየው፣ ካርታውን አጣጥፎ ኪሱ እየከተተ። «እናንተ የሰፈሩ ሰዎችስ የት ትበላላችሁ?»

ሬዲዮ አፏን ከፈተች። ቃል ግን አልወጣም።

ሬዲዮ መጠሪያ ስሟ አይደለም። አባቷ ያወጣላት ነው፤ ጠዋት ከተከፈተች እስከ ማታ ስለማትዘጋ። ትምህርት በሌለበት ቀን የአውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ላይ ትቆምና ከተማውን ሊያዩ የመጡትን እንግዶች እያሳቀች ወደ እናቷ ምግብ ቤት ትወስዳለች። ለአፍ ዳገት የለውም፤ የእናቷን የዓሣ ሾርባ ስታወራ የጠገበ ሰው እንኳን ይርበዋል። «እጅ ያስቆረጥማል ስላችሁ! ካልጣማችሁ እኔን ብሉኝ» ትላለች። ደግሞ እውነቷን ነበር።

ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ሰውየው። ከጎኑ ያለችው ልጁ የሬዲዮ እኩያ ናት። አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ተረከዟን ታሻለች።

«አባ፣ ኧረ ሞትኩልህ! ሙዚየሙን ሁለቴ ዞርን እኮ። ድንጋዩንም ቢሆን አምጣው፣ እበላዋለሁ» አለች።

«ማታ ባቡር አለን» አለ አባትየው፣ ሬዲዮን ይቅርታ እንደመጠየቅ ብሎ። «አገር ቤት ስንገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀን ምን በላችሁ ብሎ ነው። የቀረን ይሄ ምሳ ብቻ ነው። እንዲያው እሱ እንኳን ያምርልን ብዬ ነው።»

ሬዲዮ ወደ እናቷ ምግብ ቤት መስኮት አየች። ከመስታወቱ ጀርባ የእናቷ ነጭ ሽርጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ባለፈው እሁድ ለእናቷና ለራሷ ሻይ ቀድታ ነበር። ስለ ፈተና እያወራች፣ ልብ ሳትል፣ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመረችበት። ስህተቷ የገባት የራሷን ስትቀምስ ነው። ፊቷ ተጨማደደ፤ «እንዳትጠጪው!» ልትል ዞረች። እናቷ ግን ብርጭቆዋን ጨልጣ እያስቀመጠች ነበር።

«እጅሽ ይባረክ። ልክ እኔ እንደምወደው» አለቻት።

በክረምቱ እናቷን ክፉ ትኩሳት አስተኝቷት ነበር። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ መቅመሷንና ማሽተቷን ግን ይዞ ሄዷል። ይሄ ለሬዲዮ የተገለጠላት በዚያ ጨው ሻይ ነው፤ ሳታስተውል ያለፈችው ሁሉ ያኔ ተገጣጠመላት። ያ ምድጃ ላይ ያረረው ሽንኩርት፣ እናቷ ከጎኑ ቆማ ስታንጎራጉር። አባቷ ሾርባውን ውሃ እያስከተለ የሚበላው። አንድ ጊዜ መጥተው የማይመለሱት ደንበኞች። አባቷ «ዘመኑ ነው፣ የሰው ኪስ ደርቋል» ይላል፤ ዓይኑን ግን ከሳህኑ አያነሳም። እናቷ ይህን ቤት ያቆመችው በእጇ ጣዕም ነው። ጣዕሙ ጠፋ ከተባለ ቤቱስ ምን ይሆናል? እሷስ? ሬዲዮ ሆድ ይፍጀው አለች። ሆዷ ውስጥ ያደረ የመጀመሪያው ወሬ ይሄ ነበር።

የሰውየው ልጅ ጫማዋን መልሳ አጠለቀች። እያነከሰች ሳቀች።

«ማዶ፣ ያ ቀይ ጃንጥላ ያለበት» አለች ሬዲዮ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «የተጠበሰውን ዓሣ እዘዙ። ጥሩ ነው።»

«እናንተም እዚያ ነው የምትበሉት?»

«አይ» አለች። «እኛ የምንበላው ቤታችን ነው።»

አባትና ልጅ መንገዱን ተሻገሩ። የባለጃንጥላው አስተናጋጅ ወንበር እየሳበላቸው ወደ እሷ ጮኸ፦

«ሬዲዮ! ዛሬ ጣቢያ ቀየርሽ እንዴ?»

ሬዲዮ እጇን ብቻ አውለብልባ ወደ እናቷ ምግብ ቤት ዞረች።

ቤት ስትገባ አባቷ ንጹሕ የሆነውን ጠረጴዛ ይወለውላል። ቀና አላለም። እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«እዚያ ላክሻቸው» አለች።

«እማዬ፣ እነሱ… ቸኩለው ስለነበር…»

«ዓሣውን እዘዙ አልሻቸው? ዓሣ እንኳን ይችሉበታል።»

ድስቱ ይንተከተካል። ሬዲዮ የበሩን መቃን ይዛ ቀረች።

«የእሁዱ ሻይ» አለች እናቷ፣ «ምን ነበረበት?»

«ጨው።»

«ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ፊትሽን አየሁት። የሆነ ነገር እንዳለበት ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን…» ደረቅ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ይመለሳል ብዬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሎሚ እነክሳለሁ፣ ዛሬ ይሰማኝ ይሆን እያልኩ። ወረቀት ማኘክ ነው።»

ሬዲዮ እንባዋ መጣ። እናቷ አላለቀሰችም።

«ዝም በይ፣ አባትሽ እንዳይሰማ።»

«ያውቃል እኮ፣ እማዬ።»

«እንደሚያውቅ አውቃለሁ። እንዳይሰማ ነው ያልኩሽ።»

ከዚያ ክዳኑን አንስታ በማንኪያ ከሾርባው ጨለፈች፤ እፍ ብላ አበረደችና እንደ ሕፃን ልጅ ወደ አፏ አስጠጋችላት።

«በይ፣ ስታወሪ ነው የኖርሽው። ንገሪኝ።»

ሬዲዮ ቀመሰች። ጨው ነው። ከጨው ሥር ደግሞ ያረረ ነገር አለ። እናቷ ዓይን ዓይኗን ታያለች፤ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ። «ይጥማል» ማለት ይቻላል። አባቷ ከክረምት ጀምሮ በየቀኑ የሚለው ቃል ነው፤ ማለቱ አይከብድም።

«ጨው በዝቶበታል» አለች። «በጣም። ሥሩም አርሯል።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ድስቱን በሁለት እጇ አንስታ ያለውን ሁሉ ደፋችው። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው፤ እስኪጠፋ ድረስ አልዞረችም። ከዚያ ድስቱን አጥባ፣ አዲስ ውሃ ጥዳ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ሬዲዮ አጠገቧ ቆመች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጃንጥላዎቹ ሥር፣ የዚያች ልጅ ሳቅ ይሰማል።

ሾርባው ሲደርስ እናቷ ማንኪያውን ዘረጋችላት።

«አሁንስ?»

ሬዲዮ ዓይኗን ጨፍና ቀመሰች። የድሮውን ሊመስል ቀርቧል፤ የሚያውቁት ሰው ከሩቅ እንደሚታይ። እናቷ ትንፋሿን ይዛለች።

«ገና ነው፣ እማዬ» አለች ሬዲዮ። ማንኪያውን አለቅልቃ፣ እንደገና እንድትጨልፍላት ለእናቷ ዘረጋችላት።