የተገለበጠው ስኒ

የክበቡ ሊቀመንበር ሞታ የተገኘችው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ነው፤ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ ያንቀላፋች ትመስላለች። ሐኪሙ የልብ መድኃኒቷ በሻይ ሳይበጠበጥላት አልቀረም አለና ፖሊስ ጠራ። ፖሊስ ደግሞ ባልደረቦቿ «ጭልፊት» የሚሏትን መርማሪ ላከ።

ቤቱ የሴቶች ክበብ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት፣ ከወንዶቹ ክበብ ደጃፍ ቆመው ባል መጠበቅ ያንገሸገሻቸው ሴቶች ከፈቱት። እዚህ ውስጥ «የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት» ብሎ ነገር የለም፤ ሁሉም በገዛ ስሟ ትጠራለች፣ በገዛ ስኒዋ ትጠጣለች። አባል ስትሞት ስኒዋ እጀታው ላይ ጥቁር ክር ይታሰርበትና መደርደሪያው ላይ ይገለበጣል።

አሁን የቀሩት አባላት ሦስት ናቸው፤ ነርሷ፣ አስተማሪዋና ልብስ ሰፊዋ።

«ትናንት ከሰዓት ሁላችንም በየተራ መጥተን ሄደናል» አለች ነርሷ። «መድኃኒት አውቃለሁና እንዳታፈጪብኝ።»

«ማፍጠጥ እኮ እንጀራዬ ነው፣ እትዬ። መሞቷን መቼ ሰሙ?»

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በስልክ። ሦስታችንም።»

ጭልፊት ሬሳውን ወዳገኘችው የጽዳት ሠራተኛ ዞረች። «ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ምን አዩ?»

«ጥቁር ክር ታስሮበት የተገለበጠ ስኒ። ደግሞ ማን ሞተች ብዬ ሊቀመንበሯን ልጠይቃት ዞር ስል፣ እሷው ሆና አረፈችው።»

መርማሪዋ የስኒውን ክር አየችው። ጫፉ ተጨፍልቋል እንጂ በመቀስ አልተቆረጠም። ከኮቷ የላላ አዝራር በጥሳ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት። «እስቲ ይትከሉልኝ፣ እናቴ።»

መቀስ አጠገቧ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሰፍታ ስትጨርስ ጎንበስ አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሁላችሁም ተቀመጡ» አለች ጭልፊት። «የሟቿ ስኒ ተገልብጦ ከሬሳው ቀድሞ ታየ። የገለበጠችው እንግዲህ ማንም ሳያውቅ መሞቷን ያወቀች ናት። ሌላ ገዳይ ስኒውን አጥቦ እብስ ይል ነበር። ይቺኛዋ ግን ወጓን ልታስቀርባት አንጀቷ አልቻለም። ክሩ ደግሞ በጥርስ ነው የተበጠሰው። ለምን፣ እናቴ?»

ልብስ ሰፊዋ እጇን አየች። «ዛሬ ፈርማ ክበቡን ልትዘጋው ነበር። ካልፈረመች ይቀራል ብዬ ነው። ቤት የልጆቹ አያት ነኝ፣ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። በስሜ የምጠራው እዚህ ነው።»

«ማን ነበር የሚጠራሽ? እሷ አይደለችም?» አለች አስተማሪዋ።

ጭልፊት ከሟቿ ኪስ የተገኘውን ወረቀት ዘረጋች። «‹የክበቡ ደረጃ አቅቶኛል። ስኒዎቹን ወደ ቤቴ እናምጣቸው፣ ስብሰባው እዚያ ይሁን። አንቺ ደግሞ ጠቅልለሽ ነይ፣ አብረን እናርጅ።›»

ከላይ የተጻፈውን የተቀባይዋን ስም ጮክ ብላ አነበበች።

«አቤት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከዚያ ተነሳችና የራሷን ስኒ ገለበጠችው። ክር ልታስርላት የተነሳች ግን አልነበረችም።